ነጥብ ከመቁጠርዎ በፊት ግድግዳውን ያንኳኩ፦ ለቤት የኤሌክትሪክ ሥራ የእጅ ዋጋ እንዴት ይወጣል?

«በነጥብ ስንት ትሠራለህ?» አዲስ አበባ ውስጥ የቤት የኤሌክትሪክ ሥራ ድርድር ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ቤቱ ሳይታይ፣ ንድፉ ሳይገለጥ፣ ግድግዳው ብሎኬት ይሁን አርማታ ሳይታወቅ። ነጥብ የሚባለው መስመር የሚዘረጋለት እያንዳንዱ መብራት፣ ሶኬት ወይም ሌላ መውጫ ነው። ጠያቂው አልተሳሳተም፤ ሦስት ባለሙያ ጠርቶ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው አንድ የጋራ መለኪያ ያስፈልገዋል። የሚሳሳተው ቤቱን ሳያይ በስልክ የዋጋ ቁጥር የሚጠራው ባለሙያ ነው። ቁጥሩ ከየት መጣ ቢባል መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ሰፈር ውስጥ የሚሠራበት ነው» የሚል ይሆናል። ሰፈሩ ግን የእርስዎን ረዳት ደመወዝ አይከፍልም።

በነጥብ መናገር ይቻላል፤ በነጥብ ማስላት ግን ለኪሳራ ይዳርጋል። ስሌቱ በሰዓት ይሠራና መጨረሻ ላይ ወደ ነጥብ ይመነዘራል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከአንድ ወይም ከሁለት ረዳት ጋር ለሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የተዘጋጀ ነው። የሰዓቱም የብሩም አሃዞች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ምሳሌዎች ስለሆኑ የገበያ ዋጋ አድርገው አይያዟቸው።

ደረጃ 1፦ ቤቱን በእግርዎ ይዙሩ

ለመጀመሪያው ጉብኝት ሜትር፣ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪና ደብተር ይበቃል። ሶኬትና መብራት ከመቁጠርዎ በፊት ግድግዳውን በጣትዎ አንጓ ያንኳኩ፤ ሰዓትዎን የሚበላው ሶኬቱ ሳይሆን ሶኬቱ የሚቀበርበት ግድግዳ ነውና። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ፣ ገና ያልተለሰነ ብሎኬት በመሮና በመዶሻ እንኳ ቶሎ ይከፈታል። ድፍን ድምፅ ከሰሙ አርማታ ወይም ድንጋይ ነው፤ ግራይንደር፣ ብዙ ዲስክና ብዙ አቧራ ይጠይቃል፤ ፌሮ ሲያጋጥም ደግሞ መንገድ መቀየር ግድ ይሆናል። ዓምድና ቢም ላይ ቦይ አይቆረጥም፤ ዙሪያውን ለመሄድ የሚያስፈልገው ቱቦና ሰዓት ከወዲሁ ይታሰብ። የጭቃ ቤት ሌላ ጠባይ አለው፤ ሲነካ ልስኑ በሰፊው ይወርዳል። እዚያ ቱቦ ከመቅበር ይልቅ በግድግዳው ላይ በትራንኪንግ (ሽቦ በሚሸፍን የፕላስቲክ መሸፈኛ) መሄድ ይሻላል፤ ይህንንም መልኩን ጭምር ለባለቤቱ አሳይቶ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ይኖርበታል ወይ? ባዶ ቤት ውስጥ አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ቤተሰብ ባለበት ቤት ውስጥ ከቀን ተኩል በላይ ይወስዳል። ቁም ሣጥን ይነሳል፣ አልጋ ይሸፈናል፣ ሕፃን ስለተኛ መዶሻ ይቆማል፣ ማታ ማታ አቧራ ይጠረጋል፣ እራት እንዲሠራ መብራት ይመለሳል። ቡናውም አለ፤ ቡናው ደስ ይላል፣ ግን ሰዓት ነው። እኔ የምጠቀምባቸው ማባዣዎች እነዚህ ናቸው፦ ያልተለሰነ አዲስ ብሎኬት ቤት 1፣ ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ ባዶ የሆነ ቤት 1.3፣ ሰው የሚኖርበት ቤት 1.6። አርማታ ወይም ድንጋይ ላይ ለሚወድቁት ነጥቦች ብቻ 2። ማባዣው የሚያርፈው በሰዓቱ ላይ ነው፤ በብሩ ላይ አይደለም።

ኮንዶሚኒየም ላይ አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ነባሩ ቱቦ ውስጥ አዲስ ሽቦ ለማሳለፍ ካሰቡ፣ ኃይሉን ከብሬከሩ አጥፍተውና በቴስተር አረጋግጠው አንድ የማብሪያ ማጥፊያ ሣጥን ይክፈቱና ሽቦውን ትንሽ ሳብ ያድርጉት። ከተንቀሳቀሰ ቱቦው ይሠራል። ካልተንቀሳቀሰ በሲሚንቶ ተዘግቶ ወይም ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚያሰሉት የሽቦ ቅያሪ ሳይሆን የአዲስ ቦይ ሥራ ነው። ይህች የአምስት ደቂቃ ፍተሻ የሁለቱን ሥራዎች ዋጋ ትለያለች።

ከዚያ ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። ባለ አንድ ፌዝ ነው ወይስ ባለ ሦስት? ከቆጣሪው እስከ ብሬከር ሣጥኑ ስንት ሜትር ነው? መስመሩ በመሬት ነው በአየር የሚሄደው? ቤቱ ውስጥ ምን ምን እንደሚኖርም ይጠይቁ። የእንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ 4,000 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 18 አምፔር ያልፋል። እንግዲህ 16 አምፔር ብሬከር ካለው የሶኬት መስመር ጋር ሊዳበል አይችልም፤ ከብሬከር ሣጥኑ በቀጥታ የሚወጣ የራሱ 4 ካሬ ሚሊሜትር መስመር ይፈልጋል። ምጣዱ፣ የውኃ ማሞቂያውና ምድጃው አንድ ላይ ሲደመሩ ነባሩ ቆጣሪ የማይችለው ከሆነ፣ የኃይል ማሻሻያ ጥያቄውን ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚያቀርበው ባለቤቱ እንደሆነ ያኔውኑ ይንገሩት። እርስዎ በወረፋ የሚያጠፉት ቀን የእጅ ዋጋው ውስጥ አልተሰላም።

ከመውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው? ባለቤቱ ሜሪላንድ፣ ገንዘብ የሚከፍለው ወንድም ቦሌ፣ ግንባታውን የሚከታተለው አጎት ሲኤምሲ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ሦስቱም ሶኬት ያዛውራሉ። የማን ቃል ሥራ እንደሚያስለውጥ ስሙ በጽሑፍ ይያዝ።

ደረጃ 2፦ ነጥብ ምን እንደሚያካትት ወስነው ይቁጠሩ

በተቋራጮች የሥራ ዝርዝር ላይ የመብራት ነጥብ ሲባል ቱቦውን፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦውንና ማገናኛ ሣጥኑን ይይዛል፤ ማብሪያ ማጥፊያውና አምፖሉ ለብቻቸው ይዘረዘራሉ። የሶኬት ነጥብም እንዲሁ ነው፤ ሦስት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ማለትም ፌዝ፣ ኒውትራልና ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ መስመር)። በቤት ሥራ ላይ ግን ሁሉም በልማዱ ይቆጥራል። አንዱ መብራትና ማብሪያ ማጥፊያውን አንድ ይላል፣ ሌላው ሁለት። የቱም ስህተት አይደለም፤ ችግር የሚመጣው ሳይነገር ሲቀር ነው።

እኔ የምመርጠው መብራቱን ከነማብሪያ ማጥፊያው አንድ ነጥብ ማድረግ ነው። ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ መብራት፣ ለምሳሌ የደረጃ ወይም የመኝታ ክፍል፣ አንድ ተኩል ይሆናል። በጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ የሚደረደሩ ስፖት ላይቶች ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን አንድ፣ ተከታዮቹን ሩብ ሩብ ነጥብ አድርጌ እይዛለሁ። ሳሎን ውስጥ ሃያ ስፖት ደርድሮ ሃያ ነጥብ ማስከፈል ደንበኛን ያስኮርፋል፣ ደግሞም ልክ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት አጭር ነው፣ ግድግዳም አይቆረጥም። ምጣድ፣ ምድጃ፣ የውኃ ማሞቂያና ፓምፕ «ከባድ ነጥብ» ተብለው ለብቻቸው ይመደቡ። የቴሌቪዥንና የኢንተርኔት መስመር ቀላል ነው፣ ግን ይቆጠር፤ «እሱማ በዚያው ይገባል» የሚባለው ሁሉ በነጻ የሚገባ ነው።

የኤሌክትሪክ ንድፍ ካለ ከንድፉ ይቁጠሩ፤ ከዚያ ንድፉን ይዘው ክፍል በክፍል ከባለቤቱ ጋር ይዙሩ። ንድፍ አውጪው አልጋ በር ጀርባ አስቀምጦ፣ ሶኬቱን ቁም ሣጥን በሚቆምበት ቦታ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ከቱቦ በፊት የተገኘ ለውጥ የእርሳስ ሥራ ነው፤ ከልስን በኋላ የተገኘ ለውጥ የመዶሻ ሥራ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን በሦስት ይክፈሉት

እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ጊዜ ይነካል። መጀመሪያ ቦይ ተቆርጦ ቱቦና ሣጥን ይቀበራል፤ ቀጥሎ ሽቦ ይሳባል፤ በመጨረሻ፣ ከቀለም በኋላ፣ ማብሪያ ማጥፊያውና ሶኬቱ ይገጠማል። ሦስቱን ለየብቻ ማስላት ያለብዎት ዋናው ምክንያት በሦስቱ መካከል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚያልፉና ክፍያውም በዚያው ልክ መከፋፈል ስላለበት ነው።

የምሳሌያችን ቤት ባለ ሦስት መኝታ፣ ምድር ብቻ የሆነ፣ ያልተለሰነ አዲስ ብሎኬት ቪላ ነው። ማባዣው 1 ነው። ሰዓቱ የሚለካው አንድ ባለሙያና አንድ ረዳት አብረው በሚሠሩበት ጊዜ ነው፤ «የጥንድ ሰዓት» እንበለው።

የመብራት ነጥብ፦ ቱቦ 1.2፣ ሽቦ 0.4፣ ገጠማ 0.4፤ ድምር 2 ሰዓት። 24 ነጥብ፣ 48 ሰዓት።
የሶኬት ነጥብ፦ 1፣ 0.4፣ 0.3፤ ድምር 1.7። 20 ነጥብ፣ 34 ሰዓት።
ከባድ ነጥብ፦ 2፣ 0.8፣ 0.5፤ ድምር 3.3። 5 ነጥብ፣ 16.5 ሰዓት።
የቴሌቪዥንና የኢንተርኔት ነጥብ፦ 1፣ 0.3፣ 0.3፤ ድምር 1.6። 4 ነጥብ፣ 6.4 ሰዓት።

እስካሁን 53 ነጥብና 104.9 ሰዓት ሆነ። ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ። ነጥብ ተብለው የማይቆጠሩ ሥራዎች ግን ቀርተዋል፦ የብሬከር ሣጥን መትከል 3 ሰዓት፣ ማሠርና በየመስመሩ ስም መለጠፍ 5 ሰዓት፣ ግራውንድ መቅበር 6፣ ከቆጣሪ እስከ ሣጥኑ ያለው ዋና መስመር 6፣ ፍተሻ 6። ይህ 26 ሰዓት ነው፤ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ። በነጥብ ብቻ የሚያሰላ ባለሙያ ይህን ሁሉ በነጻ ይሠራል፤ ወይም፣ እንደ ብዙ ጊዜው፣ ግራውንዱንና ፍተሻውን ይተዋል። የርካሽ ዋጋ ምስጢር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው ያለው።

ድምሩ 130.9፣ እንግዲህ 131 የጥንድ ሰዓት ነው።

ይህን ለ8 ማካፈል አይቸኩሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ምሳ ሲቀነስ፣ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ እጅ ሥራ ላይ የሚያርፈው 6 ያህል ነው። የቀረው ታክሲ ጥበቃ፣ «ሁለት ሣጥን ጎደለ» ተብሎ ወደ ሱቅ መላክ፣ ከልስን ሠራተኛ ጋር ስለ አንድ መሰላል መከራከር፣ ኃይል ሲጠፋ ግራይንደር አቁሞ መቀመጥ ነው። 131 ለ6 ሲካፈል 22 ቀን ይሆናል። በክረምት የውጭ መብራትና የመሬት ውስጥ መስመር ካለበት፣ ውኃ የሞላ ቦይ ስለሚጠብቅዎ ሁለት ሦስት ቀን ይጨምሩ። በመስቀል ሰሞን የሚወድቅ ሥራ ከሆነም ረዳትዎ አገር ቤት ይሄድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁት።

ደረጃ 4፦ የእርስዎ አንድ ቀን ስንት ይፈጃል?

የባለሙያ ቀን 1,800 ብር፣ የረዳት 800 ብር እንበል፤ 2,600። ባለሙያው እርስዎ ራስዎ ቢሆኑም 1,800ው ይጻፍ። ለራሱ ደመወዝ የማይጽፍ ባለሙያ ትርፍና ደመወዙን አንድ ላይ ያደበላልቅና ሲከስር እንኳ አይታወቀውም። መጓጓዣ 300። የመሣሪያ ድካም 250፤ ግራይንደር፣ ዲስክ፣ መሰርሰሪያ፣ የሽቦ መሳቢያ፣ መልቲሜትር ሁሉ ያልቃሉ። ለስልክ፣ ለንግድ ፈቃድ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለዋጋ ማቅረብ ብቻ ለሚባክኑት ቀናት 450። የጥንዱ ቀን 3,600 ብር ሆነ።

3,600 በ22 ሲባዛ 79,200። ከርክክብ በኋላ «አንዱ አልበራም» ተብለው ለሚጠሩባቸው ቀናት 5 በመቶ፣ 3,960 ብር ይጨምሩ፤ 83,160። እስካሁን አንድ ብር ትርፍ የለም፤ ይህ ወጪ ብቻ ነው።

ትርፍ ላይ አንድ ስውር ወጥመድ አለ። «15 በመቶ አተርፋለሁ» ብለው 83,160ን በ1.15 ቢያባዙ 95,634 ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ትርፉ 12,474 ነው፤ ይህ ከተቀበሉት ገንዘብ 13 በመቶው እንጂ 15 አይደለም። ከሚቀበሉት ላይ 15 በመቶ እንዲተርፍ ከፈለጉ ለ0.85 ያካፍሉ፤ 97,835 ይሆናል፤ 97,800 ብለን እንያዘው። ልዩነቱ በአንድ ቤት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ዓመቱን ሙሉ በየቤቱ ሲደጋገም ግን ጥሩ መሰርሰሪያ ይገዛል።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑ 15 በመቶው ከላይ ይታከላል፤ 112,470። በዋጋ ማቅረቢያው ላይ «ታክስን ያካተተ» ወይም «ያላካተተ» ከሚሉት አንዱን መጻፍ አይርሱ። ሳይጻፍ ከቀረ ደንበኛው «ያካተተ» መስሎት ይደራደራል፣ ሲከፍልም እንደዚያው ይከፍላል።

አሁን ወደ ነጥብ ይመንዝሩት። 97,800 ለ53 ሲካፈል 1,845 ብር። የመጀመሪያው የስልክ ጥያቄ መልስ ይኸው፤ የመጣው ግን ከቤቱ ነው።

ደረጃ 5፦ ድርድር

«ሌላው በ1,400 ይሠራልኛል» ሲባሉ አይቆጡ፤ «ማብሪያ ማጥፊያውን ለብቻ ይቆጥራል?» ብለው ይጠይቁ። ምሳሌያችን ውስጥ 18 ማብሪያ ማጥፊያ ቢኖርና ያ ባለሙያ ለየብቻ ቢቆጥራቸው ነጥቡ 71 ይሆናል። 71 በ1,400 ሲባዛ 99,400 ነው፤ ከእርስዎ ይበልጣል። ይህን ወረቀት ላይ አስልተው ያሳዩ፤ ክርክር አያስፈልገውም።

በ1,200፣ ያውም በእርስዎ አቆጣጠር፣ የሚሠራ ሰው ካለ ግን 63,600 ብር ብቻ ነው የሚቀበለው። የእርስዎ ወጪ ያለ ምንም ትርፍ 83,160 ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ተመኝተው አይያዙ። ወይ ሰውየው የሚተወው ነገር አለ፣ ወይ ግማሽ ላይ ተጨማሪ ብር ይጠይቃል።

ዋጋው የግድ መውረድ ካለበት የሚቀነስ ነገር ይኑር። ባለቤቱ ቦይ የሚቆርጥ የቀን ሠራተኛ በራሱ ወጪ ያቅርብ፤ እርስዎ በኖራ ያሰምሩለት፣ የቱቦውን ሰዓት ይቀንሱለት። ወይም የሶኬቱ ቁጥር ይቀነስ፤ የውጭ መብራቱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ፣ ቱቦው ብቻ አሁን ይቀበር። የማይነኩ ነገሮች ግን አሉ፦ ግራውንድ፣ ፍተሻ፣ በውኃ ማሞቂያውና በመታጠቢያ ቤቱ መስመር ላይ የሚገባው 30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲፈስ የሚያጠፋው)። እርጥብ እጅ ያለው ሰው የሚታመነው በእነዚህ ነው። የአገራችን የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 10፣ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ግራውንድ «ለሀብታም ቤት» ነው ለሚል ደንበኛ ማመልከት ይቻላል።

ስለ ዕቃ ግዢ

ይህ መመሪያ የእጅ ዋጋ ነው፤ ዕቃው ግን የእጅ ዋጋውን ይነካዋል። ባለቤቱ ይግዛ ከተባለ ዝርዝሩን እርስዎ ያውጡ። ሽቦ የሚሸጠው በ100 ሜትር ጥቅል፣ በየቀለሙ ነው። ለ20 ሶኬት በአማካይ 8 ሜትር ቱቦ ቢያዝ 160 ሜትር ነው፤ 10 በመቶ ብክነት ሲጨመር 176። ለእያንዳንዱ ቀለም ሁለት ጥቅል፣ ለሦስቱ ቀለም ስድስት። ሁሉንም ደምሮ 528 ሜትር፣ «አምስት ተኩል ጥቅል» ብሎ የሚያዝ ሰው በመጨረሻው ቀን ለግራውንድ ቀይ ሽቦ ሲጠቀም ይገኛል።

ጥቅሉን በሚዛን ላይ ያስቀምጡት። 100 ሜትር 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ውስጥ ያለው መዳብ ብቻ 2.24 ኪሎ ይመዝናል፤ 1.5 ከሆነ 1.34 ኪሎ። ከነፕላስቲኩ ከዚህ የሚያንስ ጥቅል ወይ ቀጥኗል፣ ወይ አጥሯል፣ ወይ መዳብ አይደለም። ቀጭን ሽቦ ሲግል የሚጠሩት ሻጩን ሳይሆን እርስዎን ነው።

መርካቶ አብረው ከሄዱ ቀኑን ያስከፍሉ። አንዳንድ ሱቆች ደንበኛ ላመጣ ባለሙያ ኮሚሽን ይሰጣሉ፤ በዚያ ተማምኖ የእጅ ዋጋን ማሳነስ የተለመደ ነው። እኔ አልወደውም። ባለቤቱ ሌላ ሱቅ ጠይቆ ልዩነቱን ያወቀ ቀን የሚጠረጥረው የሽቦውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የነጥቡንም ቁጥር ነው።

ደረጃ 6፦ በጽሑፍ ያቅርቡ

አንድ ገጽ ይበቃል። የነጥቡ ዝርዝር በየክፍሉ፣ አንድ ነጥብ ምን እንደሚያካትት፣ ዋጋው፣ የሥራው ቀን ብዛት፣ የክፍያው አከፋፈል፣ የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀትዎ ቅጂ። ከዚያ የማይካተተው፦ ልስን መመለስና ቀለም፣ የቆጣሪ ማሻሻያ፣ የአምፖልና የጌጥ መብራት ዋጋ፣ ከአራት ሜትር በላይ ለሚሆን ከፍታ መወጣጫ፣ ሌላ ባለሙያ የሰበረውን ቱቦ መጠገን። የመጨረሻው የማይመስል ግን የተለመደ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛውና እርስዎ አንድ ግድግዳ ላይ ነው የምትሠሩት።

የጊዜ ገደብ ይጻፍ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ በአጭር ጊዜ እንደሚለዋወጥ ሁሉም አይቷል። ለእጅ ዋጋ 30 ቀን፣ ዕቃ ካካተቱ ለዕቃው 7 ቀን በቂ ነው።

አከፋፈሉ ላይ ቆም ይበሉ። ሰዓቶቹን በደረጃቸው ብንደምራቸው፣ ቱቦና ሣጥን መቅበር ከግራውንዱ፣ ከዋናው መስመርና ከብሬከር ሣጥን ተከላው ጋር 77.8 ሰዓት ነው፤ ከጠቅላላው 59 በመቶ። ሽቦ መሳብ 22.8 ሰዓት፣ 17 በመቶ። ገጠማ፣ ሣጥን ማሠርና ፍተሻ 30.3 ሰዓት፣ 23 በመቶ። እንግዲህ አንድም መብራት ሳይበራ ከሥራው ግማሽ በላይ አልቋል። ባለቤቱ ግን የሚያየው ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ባዶ ቱቦ ነው፤ «ገና ምን ሠራችሁና?» ይላል፤ ከፊቱ የሚታየው ያ ብቻ ነውና አይፈረድበትም። ስለዚህ አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ፦ ሲጀመር 20 በመቶ፣ ቱቦና ሣጥኑ ተቀብሮ ከልስን በፊት 40፣ ሽቦው ሲሳብ 20፣ ተፈትኖ ሲበራ 20። ልስን ሳይመጣ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ለክፍያም፣ በኋላ መጋረጃ ሰቃዩ ሚስማር የት እንዳይመታ ለማሳየትም ይጠቅማል።

ለውጥ ሲጠየቁ እጅዎ ወደ መዶሻው ከመሄዱ በፊት ወደ ስልክዎ ይሂድ። «ሳሎን ሁለት ሶኬት ተጨምሯል፣ 3,690 ብር፣ ግማሽ ቀን» የሚል አጭር መልእክት ለወሳኙ ሰው ይላኩ፤ «እሺ» እስኪል ይጠብቁ። ልስን ካለፈ በኋላ የተጠየቀ ከሆነ ሰዓቱ በ1.3 ይባዛ፤ ይህም በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ለጥቃቅን ሥራዎች

የተቃጠለ ሶኬት ለመቀየር ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ደርሶ መልስ መንገዱ ግን ሁለት ሰዓት ነው። እዚህ ብቻዎን ነዎት፤ ቀንዎ፣ መጓጓዣ፣ መሣሪያና ሌላ ወጪ ተደምሮ 2,400 ይሁን። መንገዱን ለይተን ስለምንቆጥር ይህን ለ6 ሳይሆን ለ8 እናካፍላለን፤ በሰዓት 300። ሁለት ሰዓት ተኩል 750 ነው፤ ለ0.85 ሲካፈል 882፤ 900 ብር መነሻ ዋጋ ይሆናል። ከዚህ በታች አይውጡ፤ ይልቅ ለዚያው ዋጋ ላላ ያሉትን ሌሎች ሶኬቶችም አጥብቁላቸው።

ብልሽት ፍለጋ በቁርጥ አይያዝም። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚወድቅ ብሬከር በአሥር ደቂቃም፣ በሙሉ ቀንም ሊገኝ ይችላል። መነሻ ዋጋው እስከ አንድ ሰዓት ፍለጋን ይሸፍናል፤ ከዚያ በኋላ በሰዓት ይቆጠራል፤ በየሰዓቱ የትኛው መስመር ደህና እንደሆነና የትኛው እንደቀረ ለባለቤቱ ይነገረዋል። ማቆም የሚፈልግ ከሆነ እንዲያቆም ዕድሉ የእሱ ነው።

ከሥራው በኋላ ደብተሩን ይክፈቱ

ከላይ ያሉት 1.2፣ 0.4፣ 1.7 የምሳሌ ቁጥሮች ናቸው። የእርስዎ ረዳት ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ ግራይንደርዎ ሊያረጅ ይችላል። ማታ ማታ ሦስት ነገር ይመዝገቡ፦ ዛሬ የተሠራው ምን ዓይነት ነጥብ ነው፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት። ያቆመን ነገር ካለ ምክንያቱ በአንድ ቃል፦ ዕቃ፣ መብራት፣ ልስን፣ ለውጥ። ቤቱ ሲያልቅ የጠቅላላውን ሰዓት ለነጥቡ ያካፍሉና ከገመቱት ጎን ያስቀምጡት። ሶኬቱ 2.1 ሰዓት ፈጅቶ ከተገኘ፣ ለሚቀጥለው ቤት ዋጋ ከማውጣትዎ በፊት 1.7 የሚለውን ይሰርዙና 2.1 ብለው ይጻፉ።